ስለ ጭንቅላት ኤምአርአይ ጠይቁኝ

ሰላም የድሬ ልጆች! ሥራዬ ኤምአርአይ ማንሳት ነው። የላካችሁልኝን ጥያቄ እንዳመጣጡ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ የእናቴ ምስል ላይ ከግንባሯ በኩል አንጎሏ የተጎተተ ይመስላል። ዕጢ ይሆን?

አይዞሽ እህቴ። ውጤቱን ያነበበው ሐኪም ነው የሚነግርሽ፤ እዚያ ቦታ ላይ ግን እንዲህ ያለ መዛባት በብዛት ይታያል። ከግንባር አጥንት ውስጥ አየር የያዘ ክፍተት አለ፣ ሳይነስ የሚባለው። አየርና ሥጋ ማግኔት ውስጥ ሲገቡ ጠባያቸው አንድ አይደለም፤ ልዩነቱ ከሚሊዮን 9 እጅ ገደማ ነው። ኢምንት ይመስላል አይደል? ባለ 3 ቴስላ (የማግኔት ጉልበት መለኪያ ነው) ማሽን ላይ ግን ከሚሊዮን 1 እጅ ብቻ 128 ኸርዝ ያህል የድግግሞሽ ለውጥ ነው፣ ማሽኑ ደግሞ እያንዳንዱ ነጥብ የት እንዳለ የሚያውቀው ከነጥቡ በሚመጣው የሬዲዮ ምልክት ድግግሞሽ ስለሆነ፣ ድግግሞሹ ሲዛባ ነጥቡ ቦታውን ስቶ ይሳላል። ኢፒአይ በሚባለው ፈጣን አነሳስ ይብሳል። ከጆሮ በላይም እንደዚያው።

ጥያቄ፦ ሺሚንግ ምንድነው?

የማሽኑን ማግኔታዊ መስክ በሁሉም ቦታ እኩል ማድረግ ነው። ምጣድ አንድ ጎኑ ሲቀዘቅዝ እሳቱን ወደዚያ እንደምትገፉት በሉት። ማሽኑ ሲተከል ትንንሽ ብረቶች ይደረደሩበታል። ሰው ከተኛ በኋላ ደግሞ በጥቅልል ሽቦዎች በኩል ልክ የሆነ ኤሌክትሪክ ይላካል፣ ምክንያቱም ጭንቅላታችሁ ራሱ መስኩን ይረብሸዋል። የተስተካከለው ለእናንተ፣ ለዚያች አተኛኛችሁ ነው። አትንቀሳቀሱ የምንለው ለዚህም ጭምር ነው፣ አቦ!

ጥያቄ፦ 7 ቴስላ ቢሆን ይጠራል?

ምልክቱ ይጎላል፤ መዛባቱም አብሮት ያድጋል።

ጥያቄ፦ ከሐረር ነኝ። ሂና ተቀብቻለሁ፣ ችግር አለው?

ንጹሕ ሂና ቅጠል ነው፣ አትስጊ። አንዳንዱ የዓይን መኳኳያ ግን የብረት ኦክሳይድ ስላለው ዓይን አካባቢ ምስሉን ያበላሻል፤ ታጥበሽ ግቢ። ከሁሉ የምፈራው መርፌ ቁልፍ ነው። አንዴ አንዲት እናት ሻሻቸውን አውልቀው፣ ሹሩባቸው ውስጥ የተሸጎጠች አንዲት መርፌ ቁልፍ ግን ከሁላችንም ዓይን አመለጠች። ምስሉ ላይ የጭንቅላታቸው ግማሽ ጥቁር ጉድጓድ ሆነ። ወዲያው አስወጣናቸው። እሳቸው ደህና ነበሩ፤ እኔ ግን እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ እንዲህ ያለ ነገር ተስፈንጥሮ ዓይን ሊወጋ ይችላል። ከዚያ ወዲህ ሹሩባን በጣቴ ሳልዳብስ አላስገባም።

ጥያቄ፦ የድሬ ሙቀትስ ማሽኑን አይረብሸውም?

እንደ ማሽኑ ነው። ሱፐርኮንዳክተር የሆነው (ሽቦው በጣም ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ያለ እንቅፋት የሚያሳልፈው) ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ያህል በሚቀዘቅዝ ሂሊየም ውስጥ ስለሚኖር ማግኔቱ የውጭውን ሙቀት አይሰማውም። በቋሚ ማግኔት የሚሠራው አነስተኛ ማሽን ግን ማግኔቱ 1 ዲግሪ ሲሞቅ መስኩ ከሺህ 1 እጅ ገደማ ይወርዳል። በግንቦት ሙቀት የዚያን ክፍል ኤሲ የሚያጠፋ ሰው ካያችሁ ሩጡና አስቁሙት።