«እናትሽን ለማስታመም ደሞዝ ትጠይቂያለሽ?»

እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው አዲስ አበባ ነው። እማዬን ስትሮክ ከመታት ወዲህ ግራ ጎኗ አይታዘዝላትም፣ አልጋ ላይ ናት። የግል ድርጅት ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ፤ አሥር ዓመት ሳልደፍን ለቅቄ ቤት ገባሁ፣ ሌላ ማን ይያዛት? አንዱ ወንድሜ ለንደን ነው። ሌላው እዚሁ ከተማ አለ፣ እሁድ እሁድ ብርቱካን ይዞ ብቅ ይላል። የለንደኑ በየወሩ ይልካል፣ እውነቱን ልናገር፣ አስቀርቶ አያውቅም። ግን ገንዘቡ የእማዬ ነው፤ ለመድኃኒቱ፣ ለዳይፐሩ፣ ለፊዚዮቴራፒው። ጫማዬ ሲቀደድ እንኳ ከዚያ ላይ መንካት ያሳቅቀኛል፤ ደግሞም ደረሰኝ በቴሌግራም ላኪ ይለኛል። ዘመድ ሊጠይቅ ሲመጣ «ያ ልጅ ባይደርስላት ምን ይውጣት ነበር» ብሎ እሱን ያመሰግናል። ለኔ ምርቃት። በቀደም ጨክኜ ለራሴም ወር በወር የሆነ ነገር ቁረጡልኝ ስለው «እናትሽን ለማስታመም ደሞዝ ትጠይቂያለሽ?» አለኝ። አፈርኩ። ነውር ነው እንዴ?

ያፈረችው ልጅ

መልስ

እህቴ፣ ምንም ነውር የለበትም። ማፈር ካለበትም ደረሰኝ ጠያቂው ነው (ወንድምሽ ነው፣ ይቅርታ፣ ግን አናደደኝ)።

አልጋ የያዘ ሰው ጀርባው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ አለበት፣ ሌሊትም ጭምር። ለዚህ ደረሰኝ የሚቆርጥ የለም። አገራችን ቤተሰቡን ለሚያስታምም የሚከፈል አበል የላትም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (1156/2011) እንኳ ለከባድ አጋጣሚ የሚፈቅደው አምስት ቀን ነው፣ ያለ ክፍያ፣ በዓመት ሁለቴ ብቻ። ስለዚህ ሁሉም ነገር ቤተሰብ ላይ ወደቀ ማለት ነው፣ ቤተሰብ ሲባል ደግሞ ብዙ ጊዜ አንዲት ሴት ልጅ ናት። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ግን እንዲህ አይልም። ወላጅን የመቀለብ ግዴታ የልጆች ሁሉ ነው፣ ጤናን መጠበቅም እዚያው ውስጥ ይቆጠራል። ያላገባችው ትያዝ፣ ቅርብ ያለችው ትያዝ የሚል ቃል የለበትም። ክሰሻቸው ማለቴ አይደለም፤ ስትነጋገሩ ግን አንገትሽን አትድፊ።

ለወንድምሽ ደግሞ ይህን ንገሪው። እሱ በሚኖርበት አገር በሳምንት ቢያንስ 35 ሰዓት ሰው ለሚያስታምም፣ ሌሎቹን መስፈርቶች ካሟላ፣ መንግሥት አበል ይከፍላል። የገዛ እናቱን የሚያስታምመውም ይቀበላል።

ሌላው፣ ማንም የማያነሳልሽ ጡረታሽ ነው። ሥራ ላይ ሳለሽ ከደሞዝሽ 7 በመቶ፣ ከአሠሪሽ 11 በመቶ ይገባልሽ ነበር፣ አሁን ቆሟል። አገልግሎትሽ አሥር ዓመት ሳይሞላ ከቀረ ደግሞ ስታረጂ ወር በወር የሚከፈል አበል አይኖርሽም። ወንድሞችሽ ይህን አስልተውት የሚያውቁ አይመስለኝም።

በይ እንግዲህ፣ የለንደኑ ራሱ ኤጀንሲ ይደውል። እያደረች የምታስታምም ሰው በስንት ትቀጠራለች ብሎ ይጠይቅ። መነሻችሁ ያ ይሁን። ያንቺ ከእናትሽ ወጪ ተለይቶ በራስሽ አካውንት ይግባ፣ ደረሰኝም አይጠየቅበት። የእሁዱ ወንድምሽ ብርቱካኑን ይተወውና በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ይያዛት፣ ዳይፐር መቀየሩንም ይልመድ። አንቺ ያን ቀን ቤት አትዋይ።

ምናልባት «ገንዘብ ከሆነማ ሰው እንቀጥራለን» ይሉሽ ይሆናል። አትከፊ፣ እሺ በያቸው። ሠራተኛዋ ትምጣ፣ እስክትለምድ አሳያት፣ ከዚያ አንቺም ሲቪሽን አስተካክለሽ ለጡረታ የጎደሉሽን ዓመታት የምትሞይበት ሥራ ፈልጊ።