ስትስቂ ሽንት ማምለጡን አትልመጂው

እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። ከወለድሽ ሰባት ወር ሆኖሽ ስትስዪና ስትስቂ ሽንት እንደሚያመልጥሽ፣ ቤተሰብም «የወለደች ሁሉ እንዲህ ናት፣ ቻይው» እንዳለሽ ጽፈሻል። አትቻይው። ብዙ ሴቶች ላይ ይደርሳል እንጂ ዕድሜ ልክ ተሸክመሽው የምትኖሪው ነገር አይደለም።

እኔ ከፒያሳ አራት ኪሎ በእግሬ ስሄድ ጥቁር ቀሚስ ካልሆነ አልለብስም ነበር። በመጨረሻ ፊዚዮቴራፒ (በአካል እንቅስቃሴና ልምምድ የሚሰጥ ሕክምና) ሄድኩ። ባለሙያዋ በጀርባዬ አስተኝታ፣ ጉልበቴን አሳጥፋ፣ «የሆድ አየር እንዳያመልጥሽ እንደምትይዢው አድርገሽ፣ ሽንት የሚይዘውን የዳሌ ወለል ጡንቻ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ሳቢው» አለችኝ። ለካ እኔ ቤት ውስጥ ስሞክር ትንፋሼን ይዤ መቀመጫዬን ነበር የምጨምቀው! እየተነፈስሽ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ያዢው፣ ከዚያ ያንኑ ያህል ሙሉ በሙሉ ልቀቂው። 10 ጊዜ፣ በቀን 3 ዙር። ቢያንስ 3 ወር ታገሺ። ሳል ሲመጣብሽ ደግሞ ቀደም ብለሽ ጨምቂው። ሽንት እየሸናሽ ማቋረጥን ግን ልምምድ አታድርጊው።

በግንኙነት ጊዜ የሚያምሽ ከሆነ ጡንቻው ላልቶ ሳይሆን ተወጥሮ ሊሆን ስለሚችል ሳትመረመሪ ልምምዱን አትጀምሪ። ጥቁር አንበሳን በመሳሰሉ ትልልቅ ሆስፒታሎች የፊዚዮቴራፒ ክፍል አለ፤ ለሐኪሙ ሳታፍሪ በግልጽ ንገሪው።

ሳትስዪም ሳትስቂም ቀንና ሌሊት የሚፈስ ከሆነ ግን ፊስቱላ (ለምሳሌ በሽንት ፊኛና በብልት መካከል የሚፈጠር ቀዳዳ) ሊሆን ይችላል፣ ያ በስፖርት አይድንም። ሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል በነፃ ያክማል፤ ነገ ዛሬ ሳትይ ሂጂ።