ፒኤችዲውን በስፔክትሮስኮፒ ልሥራ ወይስ ይቅርብኝ? ላልሽው

እህቴ፣ በፊዚካል ኬሚስትሪ ማስተርስሽን ይዘሽ እያስተማርሽ ነው። ውጭ ሄደሽ በሞለኪውላር ስፔክትሮስኮፒ፣ ማለትም ሞለኪውሎችን በሚውጡትና በሚለቁት ብርሃን በማጥናት፣ ፒኤችዲ መሥራት አምሮሻል። ግን «ተመልሼ ስመጣ በየትኛው ማሽን ልሠራ ነው?» ብለሽ ሰግተሻል። እኔ በዚያው መንገድ ሄጄ ተመልሻለሁ። ትምህርቱን አትተዪው፤ ርዕስ አመራረጥሽ ላይ ግን ተጠንቀቂ።

ስፔክትሮስኮፒ ሲባል ብዙ ሰው ሌዘርና ጨለማ ክፍል ይታየዋል። የዕለቱ ሥራ ግን በአብዛኛው ከእርጥበት ጋር መታገል ነው። ለኢንፍራሬድ (ከቀይ በታች ባለ፣ በማይታይ ብርሃን) ልኬት ናሙናሽን ከፖታሲየም ብሮማይድ ጋር ፈጭተሽ፣ ጨምቀሽ፣ እንደ ክኒን ታደርጊዋለሽ። ዱቄቱ ውሃ ይስባል። ክረምት ላይ ትንሽ ከዘገየሽ ክኒኑ ይደፈርስና በስፔክትረሙ ላይ በሞገድ ቁጥር (በአንድ ሴንቲሜትር ውስጥ ባሉ ሞገዶች ብዛት) 3400 አካባቢ ሰፊ ጉብታ ይመጣል። ጀማሪው «ኦኤች (የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ትስስር) አገኘሁ!» ብሎ ይፈነድቃል፤ ያገኘው ግን የአየሩን እርጥበት ነው። 2350 አካባቢ ብቅ የምትለዋ ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ናት፤ ምናልባትም የራሱ ትንፋሽ። ይህን የመለየት ዓይን ማሽኑ ሥር ውለሽ ካልሆነ ከየትም አታመጪውም። አንዴ ካገኘሽው ግን የትም አገር ይሠራልሻል።

ስለ ማሽን እጥረት ካነሳን የስፔክትሮስኮፒ ሊቁን የጌርሃርድ ኸርዝበርግን ታሪክ ልንገርሽ። ጀርመን ዳርምሽታት ያስተምር ነበር። ሚስቱ ሉይዘም የስፔክትሮስኮፒ ባለሙያ ነበረች፤ አይሁዳዊት በመሆኗ እሱንም ከማስተማር ከለከሉት። በፈረንጆች 1935 ካናዳ፣ ሳስካቱን ገባ። ቦታው ራቅ ያለ፣ ዩኒቨርሲቲው ትንሽ፣ መሣሪያውም ውስን ነበር። ሰውየው ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ስለ ኢንፍራሬድና ራማን ስፔክትረም የጻፈውና ትውልድ የተማረበት ትልቁ መጽሐፍ በ1945 የወጣው ከዚያ ቆይታው ነው። ከዚያ በኋላ ወደ አሜሪካው የርክስ ኦብዘርቫቶሪ ሄደ፤ በ1948 ደግሞ ኦታዋ ወደሚገኘው የካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ተመለሰ።

እኔን የሚገርመኝ ግን ኸርዝበርግ በሜቲሊን ላይ የደረሰበት ነገር ነው፤ ሜቲሊን አንድ ካርቦን ሁለት ሃይድሮጅን ያላት ሞለኪውል ናት። በ1942 የጅራታም ኮከብ ብርሃን ላይ ያለችው አንዲት የመስመሮች ስብስብ የሜቲሊን ናት ብሎ ነበር። በኋላ በ1951 ሦስት የካርቦን አቶሞች የያዘ ሞለኪውል መሆኑ ታወቀ። እውነተኛውን የሜቲሊን ስፔክትረም ያገኘው በ1959 ነው። የሞለኪውሏን ቅርጽ ቀጥ ያለ ነው አለ፤ በኋላ ግን ቅርጹ ጎበጥ ያለ ሆኖ ተገኘ። በ1971 ራሱ እርማቱን ተቀበለ፤ የኬሚስትሪ ኖቤልንም የወሰደው በዚያው ዓመት ነው። አንዲት ትንሽ ሞለኪውል ይህን ያህል ዕድሜ ትበላለች።

እዚህ ላይ እውነቱን ልንገርሽ። የእኛ የዕድገት ኮሚቴ እንዲህ ያለ ትዕግሥት የለውም። አሶሼት ፕሮፌሰር ለመሆን ወረቀት ይቆጠርብሻል። ንጹሕ የጋዝ ስፔክትሮስኮፒ ውበቱ ልዩ ነው፤ ያለ ቫክዩም ፓምፕ፣ ያለ ፈሳሽ ናይትሮጅንና ያለ አስተማማኝ መብራት ግን አይሆንም። ሌዘሩ ሞቆ ሳይረጋጋ መብራት ድርግም ሲል የሚሰማሽን እኔ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ሁለት እግር ይኑርሽ። አንዱ የሞለኪውልን ስፔክትረም በኮምፒውተር ማስላት ይሁን፤ ኦርካን የመሰሉ ለአካዳሚክ ሰው ነፃ የሆኑ ሶፍትዌሮች አሉ፤ ደህና ኮምፒውተር ይበቃሻል። ሌላው ተራ ዩቪ ቪዚብል (ናሙና የሚውጠውን አልትራቫዮሌትና የሚታይ ብርሃን የሚለካ ማሽን) የሚፈታው የአገር ጥያቄ ይሁን። የቡና ካፌይንን ውሰጂ፤ 275 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ርዝመት አካባቢ ጥሩ አድርጎ ይታያል። ግን በውሃ አፍልተሽ ብቻ ከለካሽ ሌሎች ውህዶችም እዚያው ይደረቡብሻል። ስለዚህ ካፌይኑን መጀመሪያ ዳይክሎሮሜቴን በሚባል ማሟሚያ ፈሳሽ ለይተሽ ታወጪዋለሽ። ቀላል ይመስላል፤ መስመሩ ከምን እንደመጣ የሚያውቅ ሰው ግን ይፈልጋል።

ደመወዙን አላነሳብሽም፤ አንቺም ታውቂዋለሽ።

ለአድቫይዘሮች ኢሜይል ስትጽፊ ሁለት ነገር ጠይቂ። ተማሪ መሣሪያውን ራሱ ይፈታል ይገጥማል ወይስ ቴክኒሻኑ ብቻ ነው የሚነካው? ከተመረቅኩ በኋላ ዳታ በጋራ መሥራት እንችላለን? ሁለተኛውን ያለማመንታት የመለሰልሽን ሰው አጥብቀሽ ያዢ። የኢሜይሉን ረቂቅ እዚሁ ለጥፊው፣ አብረን እናየዋለን።