ፍትሐት ያልተደረገለት ሰው ነፍሱ ትንከራተታለች?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ቅድመ አያቴ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ከቤት እንደወጡ ሳይመለሱ ቀርተዋል። አስከሬናቸው አልተገኘም፤ ፍትሐትም አልተደረገላቸውም። በቤተሰባችን ሕመም ወይም ሞት በመጣ ቁጥር አክስቶቼ «እሳቸው ናቸው፤ አላረፉም፤ ደማቸው ይጮኻል» ይላሉ። የካቲት ሲገባ ሌሊት ደጅ ያንኳኳሉ ይባላል። የ7 ዓመቱ ልጄ ይህን ሰምቶ በእንቅልፉ እየጮኸ ይነሣል። አሁን ደግሞ አንድ «ዐዋቂ» ቀይ ዶሮ በደጃፉ ላይ ይታረድ ብሏቸዋል። ዶሮውስ እንደማይገባ አውቃለሁ። ግን እውነት ነፍሳቸው አላረፈችም? እኔስ ምን ላድርግላቸው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ስለ ጥንቆላ የምታውቂውን መልሼ አልነግርሽም። እኔን የሚያሳስበኝ ከዶሮው በፊት ያለው እምነት ነው፤ «አፈር ያልለበሰ፣ ያልተፈታ ሰው ነፍሱ ሜዳ ላይ ትቀራለች፤ ተመልሳም የገዛ ዘመዷን ትጎዳለች» የሚለው። ጠንቋይ ቤት ዝር የማይሉ፣ ሰንበት የማያስታጉሉ ሰዎች ሳይቀሩ ይህን ሲናገሩ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ይመስላቸዋል። አይደለም።

እስኪ የራሳችንን ሥርዓት ተመልከቺ። በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት አይደረግም። ስለዚህ በሆሳዕና ዕለት፣ በዚያ ሳምንት ለሚሞቱት ሁሉ አስቀድሞ ጸሎተ ፍትሐት ይደረሳል። ሬሳ የለም፤ ሣጥን የለም፤ ማን እንደሚሞት እንኳ ከእግዚአብሔር በቀር የሚያውቅ የለም። ጸሎቱ ግን ይደርሳል። ፍትሐት ለአስከሬን የሚፈጸም፣ አስከሬኑ ከጠፋ አብሮ የሚጠፋ ነገር ቢሆን ኖሮ ይህ ሥርዓት ትርጉም ባልኖረው ነበር። ፍትሐት ልመና ነው። ለሟቹ ምሕረትን እንለምንለታለን፤ ልመናው ስለዘገየ ግን ነፍሱ ከእግዚአብሔር እጅ አምልጣ መንገድ አትቀርም። «የጻድቃን ነፍሳት በእግዚአብሔር እጅ ናቸው» (ጥበብ 3፥1)።

ደግሞ ያንን ዕለት አስቢው። ዐርብ ነበር። የፋሺስት ጣሊያን እንደራሴ ግራዚያኒ በአዲስ አበባ በገነተ ልዑል ግቢ ለድኆች ምጽዋት በሚያድልበት ሰዓት አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩበት። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ ፋሺስቶች ያገኙትን ሲገድሉ፣ ቤት ከነሰዉ ሲያቃጥሉ ሰነበቱ። ኢትዮጵያ ከጦርነቱ በኋላ ባቀረበችው ቁጥር ያለቀው ሰው 30,000 ነው። ብዙዎቹ በጅምላ ጉድጓድ ተጣሉ፤ ከቤታቸው ጋር አመድ የሆኑም አሉ። ለእነዚህ ሁሉ ማን ግንዘት (የሙታን ጸሎት) ደገመላቸው? አክስቶችሽ እንደሚሉት ቢሆን አዲስ አበባ ውስጥ እስከ ዛሬ እንቅልፍ የሚተኛ ቤት ባልተገኘ ነበር።

የደብረ ሊባኖስ ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በዚያው ዓመት ግንቦት 12 ቀን የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም በዓል ነበር፤ መነኮሳቱም ምእመናኑም የጻድቁን ዐፅም ሊያከብሩ በገዳሙ ተሰብስበዋል። በማግስቱ የጄኔራል ማለቲ ወታደሮች በመኪና እየጫኑ ላጋ ወልዴ ወደሚባለው ሸለቆ ወስደው ረሸኗቸው። ጣሊያን ራሱ ያመነው 297 መነኮሳትን ነው፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ደግሞ 129 ዲያቆናት ደብረ ብርሃን አጠገብ ተገደሉ። በኋላ ጉዳዩን ያጠኑ ሰዎች ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ቁጥር አግኝተዋል። አካላቸው በሸለቆው ቀረ። ዐፅም ሊያከብሩ የመጡት ሰዎች የራሳቸው ዐፅም የሚያነሣው አጣ። መዝሙረኛው «የሚቀብራቸውም አጡ» ያለው (መዝ. 78፥3) እንዲህ ያለውን ነው፤ ግን እዚያው መዝሙር ላይ «ስለዚህ ይንከራተታሉ» የሚል ቃል አታገኚም። ከኤልሳዕ ዐፅም ጋር የተነካካው ሬሳ ተነሣ እንጂ (2ኛ ነገ. 13፥21) ያየው ሰው አላበደም። ዐፅም የሚያስፈራው በተረት ነው።

«ደማቸው ይጮኻል» ላልሽው፣ ቃሉ እውነት ነው፤ የተጣመመው አቅጣጫው ነው። እግዚአብሔር ለቃየን «የወንድምህ የደሙ ድምፅ ከምድር ወደ እኔ ይጮኻል» አለው (ዘፍ. 4፥10)። ወደ እኔ። ወደ አቤል የወንድም ልጆች አላለም። የሚጮኸው ወደ ፈራጁ ነው፤ የሚጮኸውም በገዳዩ ላይ ነው። በራእይ ዮሐንስም የታረዱት ነፍሳት ይጮኻሉ፤ ያሉበትን ቦታ ልብ በዪ፤ ከመሠዊያው በታች ናቸው። ነጭ ልብስ ተሰጥቷቸው «ጥቂት ዘመን ያርፉ ዘንድ» ተነግሯቸዋል (6፥9-11)። እንዲያርፉ የተነገራቸው ሰዎች የማንን ደጅ ሊያንኳኩ ይመጣሉ?

እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር። ይህ ተረት የሚሠራውን ክፋት ሰዎች አያዩትም። የተገደለውን አስፈሪ ያደርገዋል፤ ገዳዩን ከታሪኩ ያወጣዋል። አክስቶችሽ ማታ ማታ የሚፈሩት ግራዚያኒን አይደለም፤ የገዛ አያታቸውን ነው። በግፍ የሞተው ሰው ከ80 ዓመት በላይ የልጅ ልጆቹ ጠላት ተደርጎ ተወራበት። ልጁ ሲታመም እሱ፣ ከብት ሲሞት እሱ፣ ትዳር ሲፈርስ እሱ። «ልጅ የአባቱን ኃጢአት አይሸከምም» ይላል ሕዝቅኤል (18፥20)፤ እናንተ የተሸከማችሁት ደግሞ የአባታችሁን እንኳ ሳይሆን የገዳዩን ነው። ድምፃቸውን ሰማሁ የሚል ሰው ቢኖርም ሰይጣን የብርሃን መልአክ ለመምሰል ራሱን እንደሚለውጥ አትርሺ (2ኛ ቆሮ. 11፥14)፤ የሟች አያትን ድምፅ ማስመሰል ከዚያ ይቀልለዋል።

ሌላም ስሕተት አለ፤ ከዚህ በተቃራኒ የሚሄድ። «በግፍ ስለሞቱ ሰማዕት ናቸው» ብለው ስለት የሚሳሉላቸው፣ ስማቸውን ጠርተው የሚማፀኑ አሉ። ሰማዕትነትን የምትወስነው ቤተ ክርስቲያን እንጂ ቤተሰብ አይደለም። ለቅድመ አያትሽ ጸልዪላቸው፤ ቅዱስ ጳውሎስ ለሄኔሲፎሩ በዚያን ቀን ምሕረት እንዲያገኝ እንደለመነለት (2ኛ ጢሞ. 1፥18)። ከዚያ አትለፊ።

አሁን ወደምታደርጊው። በመጀመሪያ የክርስትና ስማቸውን ፈልጊ። ፍትሐት የሚደረሰው በክርስትና ስም ነው፤ ብዙ ሰው ግን የአያቱን የዓለም ስም እንጂ ሌላውን አያውቀውም። የቀሩትን አረጋውያን ጠይቂ። የመጀመሪያ ልጃቸው ክርስትና የተነሣበትን ደብር የሚያስታውስ ካለ ከዚያም ፍንጭ ይገኛል። ከነጭራሹ ከጠፋ ተስፋ አትቁረጪ፤ ስሙ እንዳልተገኘ ለካህኑ በግልጽ ንገሪውና እርሱ በሚያውቀው ይጸልይላቸው። ከራስሽ ስም ፈጥረሽ ግን አትስጪ፤ ይህን የሚያደርጉ አሉ።

ከዚያ የንስሐ አባትሽን ይዘሽ የአጥቢያሽን አስተዳዳሪ አነጋግሪ፤ አስከሬን ያልተገኘለት መሆኑን፣ ፍትሐት አለመደረጉንም አስቀድመሽ ተናገሪ። የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፤ ለመገበሪያ ስንዴ፣ ዘቢብ፣ ዕጣን፣ ጧፍ። ከሞቱበት ቀን ጀምሮ 40ና 80 እየቆጠርሽ አትጨነቂ፤ ያ ዘመን አልፏል። በየዓመቱ የካቲት 12 ካህናቱ በጸሎት ያሳስቧቸው። ወር በገባ በ12 የቅዱስ ሚካኤል መታሰቢያ ስለሆነ በሚካኤል ደብር ቅዳሴ አታጪም።

ሰው ሁልጊዜ የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ዐቢይ ጾም ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሚገባ፣ የካቲት 12 በአንዳንድ ዓመት ጾም ውስጥ ይውላል። በግ ገዝተው፣ ጠላ ጠምቀው፣ ሰው ጠርተው ከጨረሱ በኋላ ጾም መሆኑን የሚያስታውሱ አሉ። ባሕረ ሐሳቡን (የአጽዋማቱንና የበዓላቱን ቀመር) አስቀድመሽ ጠይቂ። ጾም ከሆነ ዳቦና ንፍሮ ለነዳያን ይበቃል፤ በሥራ ቀናትም ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ሰዓቱን አጣሪ። ጾም ባይሆንም ለተዝካር ብለሽ አትበደሪ። ዕዳ የገባ ቤት በሚቀጥለው ዓመት «አያታችን ተቆጡ» ማለት ይጀምራል፤ ነገሩም ወደነበረበት ይመለሳል።

የዶሮውን ነገር በአጭሩ፦ ዘንድሮ ቀይ ዶሮ ይሆናል፣ ለከርሞ ገብስማ፣ ከዚያ በግ። አንድ ጊዜ የተገበረለት ግብር ይለምዳል፤ ያቋረጠ ቀን ያ «ዐዋቂ» በቤተሰቡ መካከል ጥፋተኛ ፈልጎ ይጠቁማል። አስቀድሞ የታረደ ካለ ያደረጉት ሰዎች ለንስሐ አባታቸው ይናዘዙ። አንቺ አክስቶችሽን በአደባባይ አትስደቢያቸው፤ ታላላቆችሽ ናቸው። «አላረፉም» ሲሉ «ነፍስ ይማር» ብለሽ መልሺላቸው፤ ለፍትሐቱም አብረው እንዲመጡ ለምኚያቸው። ዕጣኑን ወይም ጧፉን እነሱ ይግዙት። እጃቸው ባዶ ሆኖ ከቀረ ወደ ዶሮው ይመለሳሉ።

ልጁን ጸበል አስጠምቂው፤ ሐኪምም ይየው፤ በእንቅልፍ መጮኽና መደንገጥ መድኃኒት የሚፈልግ ሕመም ሊሆንም ይችላል፤ ሐኪም መድኃኒት ካዘዘ ለጸበል ብለሽ አታስቋርጪው። ማታ ከመኝታ በፊት የዚያ ዘመን ወሬ በፊቱ አይወራ። ታሪኩን ግን አትደብቂው፤ ግማሹን ከአክስቶቹ ሹክሹክታ ለቅሞ ነው እንዲህ የሚጮኸው። በቀን ስድስት ኪሎ የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት ጋ ውሰጂው፤ ምን እንደሆነ፣ ማን እንዳደረገው፣ በየትኛው ዓመት እንደሆነ ንገሪው። የቅድመ አያቱንም ስም እዚያው ይስማ።