መልስ፦ ከፒችትሪ ወደ ኢአርፒ መሻገር ያዋጣኛል ወይ?

ሰላም። ሁለት መጋዘን ያለውን የግንባታ ዕቃ መደብርዎን በሂሳብ መያዣ ፕሮግራሙ በፒችትሪና በኤክሴል እየያዙ «ኢአርፒ ያስፈልገኛል?» ብለው ለጠየቁት፦ ሽያጩ፣ ክምችቱና ሂሳቡ በየወሩ አልታረቅ ካሉ፣ አዎ። ኢአርፒ ሽያጩን፣ ክምችቱንና ሂሳቡን አንድ ላይ የሚይዝ ፕሮግራም ነው፤ ሁሉም ክፍል በአንድ የመረጃ ቋት ላይ ስለሚሠራ፣ ሻጩ 10 ቤርጋ ፌሮ ሲያስወጣ ክምችቱ ይቀንሳል፣ የሸቀጡ ወጪና 15 በመቶው ቫትም በየሂሳባቸው ይመዘገባሉ። ደግሞ የሚጽፍ ሰው አያስፈልግም።

ጣጣው ያለው ከፕሮግራሙ ይልቅ የዕቃ ዝርዝሩ ላይ ነው። ባለ 12 ሚሊ ፌሮ በኩንታል ገብቶ በቤርጋ ይሸጣል እንበል። የ12 ሜትሩ ቤርጋ 10.66 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ከአንድ ኩንታል 9.4 ቤርጋ ያህል ይገኛል። ይህ ማባዣ መጀመሪያ ካልገባ ሲስተሙ አንዱን ኩንታል አንድ ቤርጋ አድርጎ ይይዘውና ብዙም ሳይቆይ ክምችቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ሠራተኛውም ወደ ኤክሴሉ ይመለሳል (ማን ይፈርድበታል?)። «ፌሮ 12» እና «ብረት 12» በሁለት ኮድ ተመዝግበው ከሆነም አስቀድመው ወደ አንድ ያምጧቸው።

በሂሳብ፣ በግዢ፣ በሽያጭና በክምችት ብቻ ይጀምሩ፤ የደመወዝ ክፍሉ ለኋላ ይቆይ። ኢአርፒኔክስት የተባለው የኢአርፒ ፕሮግራም የፈቃድ ክፍያ የለውም፤ ሰርቨሩና ሥልጠናው ግን ያስወጣል። ከመዋዋልዎ በፊት ከካሽ ሬጅስተር ማሽንዎ ጋር መገናኘት አለመገናኘቱን በዓይንዎ ይዩ።

የበጀት ዓመትዎ ሐምሌ 1 የሚጀምር ከሆነ ሰኔ 30 ሁለቱንም መጋዘን ቆጥረው ይሻገሩ። የድሮ ደረሰኞችን አይጫኑ፤ ያልተከፈሉት ይበቃሉ። የቆጠራው ዋጋ ከፒችትሪው የክምችት ሂሳብ ጋር ካልገጠመ ልዩነቱን ሳያጣሩ አይጀምሩ።