ከቱሉ ዲምቱ ሆኖ ጀልባ መንደፍ

«የአራተኛ ዓመት የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። በሞቃት አገር ዳርቻ ዳርቻውን የምትሄድ፣ ጥልቀት በሌለው ውሃም የምታልፍ ትንሽ ባለ ሸራ ጀልባ መንደፍ እፈልጋለሁ። እናቴ ‹ባህር በሌለበት አገር?› አሉኝ። ልተወው? ካልተውኩትስ የት ልማር?» ብለሽ ጽፈሽልኛል።

አትተይው እህቴ። የእናትሽ ጥያቄ ግን ተገቢ ነው። እንጀራ ይሆናል ወይ ማለታቸው ነው። ስለዚህ ዲግሪሽን ጨርሺ፤ ከመጀመሪያው ቀን ደመወዝሽን ከጀልባ አትጠብቂ።

አሁን ወደ ንድፍሽ ልምጣ። የላክሽልኝ ስዕል ያምራል። የክብደት ሠንጠረዥ ግን የለውም። እኔን ያሳሰበኝ ከባህሩ መራቅ ሳይሆን ይሄ ነው። ጀልባሽ ውሃ ላይ የምታርፍበት ስፋት 9 ካሬ ሜትር ነው እንበል። ባህር ላይ 92 ኪሎ ገደማ በጨመርሽ ቁጥር 1 ሴንቲ ሜትር ትጠልቃለች። 100 ሊትር የመጠጥ ውሃ ብቻውን ያንን ያልፋል። መልህቅ ከነሰንሰለቱ፣ ባትሪ፣ ምግብ፣ ሁለት ሰው ጨምሪበት። ውሃ ውስጥ የምትገባበትን ጥልቀት 40 ሴንቲ ሜትር ብለሽ የነደፍሽው 45 ሲሆን አሸዋው ላይ ትቀመጫለሽ። እያንዳንዱን ብሎን ሳይቀር መዝኚ።

ሁለተኛው ጣጣ ነፋሱ ነው። ከታች ጥልቅ ኪል (ከሆዷ ሥር ወደ ውሃው የሚወርድ ክንፍ መሰል አካል) የሌላት ጀልባ ወደ ጎን ትንሸራተታለች። ለዚህ ወደ ላይ የሚነሳ ሰሌዳ ይገባላታል። ሰፋ ካደረግሻት መጀመሪያ ላይ አትንገዳገድም፤ አንዴ ከተገለበጠች ግን በጀርባዋ ተኝታ የመቅረት አደጋ አለባት። በየማዘንበሏ መጠን ቀጥ ብላ የመመለስ ጉልበቷን አስልተሽ ግራፍ አውጪ። ደልፍትሺፕ የተባለው የጀልባ መንደፊያ ሶፍትዌር ነጻ ቅጂ ስላለው ለመጀመሪያ ይበቃሻል።

ሙቀቱን ደግሞ ከልብ አስቢበት። ጥቁር ቀለም የተቀባ ፋይበር ግላስ ፀሐይ ላይ በጣም ስለሚግል ነጭ ይሻላል። ሸራውም ፀሐይ ይበላዋል፤ መሸፈኛ ይኑረው። ጥላና ነፋስ የሚያስገባ መስኮት ከሌለ ሌሊት ጀልባዋ ውስጥ መተኛት አይቻልም።

የት ልማር ላልሽው፣ ቢሾፍቱ ባቦጋያ ያለው የባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ የማሪታይም ማሰልጠኛ የሚያወጣው የመርከብ መኮንንና መሐንዲስ ነው፤ የጀልባ ንድፍ አያስተምርም። የጀልባ ንድፍን በርቀት በማስተማር የአሜሪካው ዌስትሎን ከ1930 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆየ ተቋም ነው። ክፍያውን ግን ተመልከቺ።

እስከዚያው ቅዳሜ ቅዳሜ ፋይበር ግላስ የሚሠራበት ጋራዥ ፈልገሽ እጅሽን አፍቺ። ፋይበር ግላሱን የሚያጣብቀው ፈሳሽ፣ ሬዚን፣ እንዴት እንደሚደርቅ ከመጽሐፍ አይገባሽም። ከዚያ የጀልባሽን አንድ አምስተኛ ሞዴል ሠርተሽ ቢሾፍቱ ሐይቅ ላይ አንሳፍፊው። የባህር ውሃ በኪዩቢክ ሜትር 1025 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን፣ የሐይቁ ደግሞ ከዚያ ስለሚቀል፣ ሞዴሉን ሐይቁ ላይ ትንሽ ጠለቅ ብሎ ታገኚዋለሽ። ይሄን ልዩነት ቀድመሽ አስልተሽ ከለካሽው ጋር አስተያዪ። ለሥራ ስታመለክቺ የምታሳይው ይህንን ነው፤ ኮምፖዚት (እንደ ፋይበር ግላስ ያለ ድብልቅ ቁስ) የሚሠራ የትኛውም ድርጅት ዋጋው ይገባዋል።

የክብደት ሠንጠረዡን ስትጨርሺ ላኪልኝ። አብረን እናየዋለን።