ሁለቱም ስኳር ያወርዳሉ፣ መንገዳቸው ግን ለየቅል ነው

እህቴ፣ «እናቴ ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ ትወስዳለች። ሁለቱም ስኳር የሚያወርዱ ከሆነ ለምን ሁለት ሆኑ? ሁዳዴን መጾምስ ትችላለች?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ከስኳር ጋር 11 ዓመቴ ነው። ሁለቱንም ወስጃለሁ። ልዩነታቸውን የተማርኩት ግን ደንግጬ ነው።

ሁዳዴ ነበር። ጠዋት ሁለቱንም ኪኒን ዋጥኩና ምንም ሳልቀምስ ወጣሁ። እኩለ ቀን ላይ እዚሁ አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ባጃጅ ውስጥ እጄ ተንቀጠቀጠ። ላብ አጠመቀኝ፣ አፌ ተሳሰረ። ሾፌሩ ሮጦ ለስላሳ ባያመጣልኝ ኖሮ እዚያው እወድቅ ነበር። መድኃኒቱን ያዘዘልኝ ሰው ስለ ጾም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም።

ያን ቀን የጣለኝ ግሊቤንክላማይድ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ሴል ኤቲፒ የሚባል ስንቅ አለው። በቆሽት ውስጥ ያሉት ቤታ ሴሎች ስኳር ሲደርሳቸው ያቃጥሉትና ኤቲፒያቸው ይበዛል። ያኔ በሴሉ ሽፋን ላይ ያለው የፖታሲየም በር ይዘጋል፣ ካልሲየም ይገባል፣ የደም ስኳር የሚያወርደው ኢንሱሊን ይለቀቃል። ግሊቤንክላማይድ ይህን በር ራሱ ሄዶ ይዘጋዋል። ሆድሽ ባዶ ቢሆንም ቆሽትሽ የበላሽ ይመስለዋል። ኢንሱሊኑ ይለቀቃል፣ ከምግብ የገባ ስኳር ግን የለም፤ ስለዚህ የደም ስኳር ከልክ በታች ይወርዳል።

ሜትፎርሚን ዋና ሥራው ጉበት ላይ ነው። ስንራብ ጉበት ራሱ ስኳር ይሠራል፤ ዓይነት 2 ስኳር ያለብን ሰዎች ጉበት ግን ሳያስፈልግም ይሠራል። ሳንበላ ጠዋት ስኳራችን ከፍ የሚለው በአብዛኛው ለዚህ ነው። ሜትፎርሚን የሴሉ ኃይል ማመንጫ በሆነው በማይቶኮንድሪያ ውስጥ ኮምፕሌክስ 1 የሚባለውን ክፍል ያዘገያል። ኤቲፒ ትንሽ ይጎድላል፣ ኤቲፒ ሲወጣ የሚቀረው ኤኤምፒ ይጨምራል። ይህን ጉድለት የሚያውቀው ኤኤምፒኬ የሚባል ኢንዛይም ነው፤ ስንቅ ሲያንስ ወጪ የሚቆጥብ አባወራ በይው። ስኳር መሥራት ብዙ ኤቲፒ ስለሚፈጅ ጉበት እጁን ይሰበስባል። በ2001 (እንደ ፈረንጅ) ተመራማሪዎች የሜትፎርሚንን ሥራ ከኤኤምፒኬ ጋር አያያዙት። በ2010 ደግሞ ጉበታቸው ኤኤምፒኬ በሌለው አይጦች ላይም መድኃኒቱ ስኳር እንደሚቀንስ ታየ። ስለዚህ ኤኤምፒኬ ብቻውን አይደለም፤ የኤቲፒው መጉደል ራሱም ይሠራል። ሜትፎርሚን ኢንሱሊን እንዲለቀቅ ስለማያስገድድ ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን ከልክ በታች የሚያወርደው ከስንት አንዴ ነው።

ሜትፎርሚን ሆድ ካስቸገራቸው ከምግብ ጋር ይውሰዱት። የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ የኩላሊት ምርመራቸው አይለፋቸው። ለዓመታት ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12ም ሊቀንስ ይችላል።

ወደ ጾሙ ስመጣ፣ በራሳችሁ መድኃኒት አታቁሙ፣ ሰዓትም አትቀይሩ። ሁዳዴ ሳይገባ ሁለቱንም ኪኒን ይዛችሁ ሐኪም ጋ ሂዱና «እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይበሉም» ብለሽ በግልጽ ንገሪው። ግሊቤንክላማይዱን ሊቀንስ ወይም ሊቀይር ይችላል። ቦርሳቸው ውስጥ ስኳር አይጥፋ። ከተንቀጠቀጡ ወይም የስኳር ልኬታቸው ከ70 (mg/dL) በታች ከወረደ ቅዳሴው እስኪያልቅ እንዳይጠብቁ፤ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር ውሃ ውስጥ በጥብጠው ወዲያው ይጠጡ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ።